ታይመሩ እስኪጮህ

ሰኞ

ዛሬም አልሆነም። በእጅ የሚዞረውን ታይመሬን ለአንድ ሰዓት አዙሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። ሰባት ደቂቃ እንኳ ሳልቆይ ተነስቼ ሳሎን ሄድኩ። ማን አለ ብዬ? እማዬ ከሞተች ሠላሳ ሁለተኛ ቀኗ ነው።

ለሚ ኩራ ለሚገነባው ሕንፃ የምነድፈው የደረጃ ድሮዊንግ ዓርብ ይፈለጋል። አለቃዬ ደውሎ ካጽናናኝ በኋላ፣ ካልደረሰልሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ አለኝ። በትህትና ነው ያለው። ትህትናው ነው የከበደኝ።

ታይመሩን ኢምፔሪያል ጋ የገዛሁት እኔው፣ ሕጉን ያወጣሁትም እኔው። ከቤት ስሠራ እማዬ በየአምስት ደቂቃው «ማሂዬ፣ ሻይ ላምጣልሽ?» ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ተቆጣሁ። «ቤቱ ካልተቃጠለ በቀር፣ ይሄ እስኪጮህ አትጥሪኝ» አልኳት። ሳቀች፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልጠራችኝም። የሞተች ቀን ታይመሩ ጮኾ ስወጣ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች፤ አልፋለች። ልቧ ነው አሉኝ።

ጠርታኝ ይሆን? በሩን ዘግቼ ሳልሰማት ቀርቼ ይሆን? ሌላ ነገር አላስብም።

ማክሰኞ

ዛሬ የሠራሁት፦ አራት መስመር። ያጠፋሁት፦ አራት መስመር።

ከታይመሩ ድምፅ መሀል «ማሂ» የሚል ሰማሁ። ቆምኩ፤ ምንም የለም። ታይመሩን በሹራብ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እዚያም ሆኖ ይሰማኛል። አክስቴ ጠበል ግቢ አለችኝ። እሺ አልኳት፤ መቼ እንደምሄድ እንጃ።

ደረጃ ላይ ከእትዬ ዘነበች ጋር ተገጣጠምን። በር ለበር ነን፤ የእማዬ የልብ ወዳጅ ነበሩ። ለቅሶ አልመጡም። አንድ ቀን እንኳ! ከጎጃም ጎሮ ድረስ ተሳፍሮ የመጣ ዘመድ አለ፤ እሳቸው ሦስት እርምጃ አቃታቸው። ሲያዩኝ አንገታቸውን ደፍተው ወደ ታች ተመለሱ። ይመለሱ። እኔም ሰላም አልላቸውም።

ረቡዕ

በስልኬ ታይመር ሞከርኩ፤ ድምፅ የለውም ብዬ። ሃያ ደቂቃ ሠራሁ። ተመስገን።

ከዚያ እማዬ የሞተች ቀን የሠራሁትን ድሮዊንግ ከፈትኩ። አንድ ስህተት የለውም። በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት ጥሩ ሠርቼ አላውቅም። እሷ እዚያ እየሞተች፣ እኔ እዚህ መስመር ሳሳምር! ዘጋሁት።

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። እትዬ ዘነበች ናቸው፣ ጥቁር ለብሰው። ግቡ ሳልላቸው ገቡና ሶፋው ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ተቀመጡ። እንደነገሩኝ፣ የሞተች ቀን አራት ሰዓት ላይ ብቅ ብለው እማዬን ደረቷን ይዛ አገኟት። ማሂን ልጥራት ብለው ሲነሡ እጃቸውን ያዘቻቸው።

«ተዪያት ዘኒ፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የቀራት። እጠብቃታለሁ» አለች።

እሳቸውም ወጥ ጥደው ነበርና ቃሏን አምነው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

«እኔ ነኝ የገደልኳት። በምን ፊቴ ለቅሶ ልምጣ?» አሉኝ።

ልጮኽባቸው ፈልጌ ነበር፤ አቃተኝ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሳቸውም እሪ አሉ፤ የሠላሳ አራት ቀን ለቅሷቸውን በአንዴ።

ሐሙስ

አልጠራችኝም። ማወቅ የፈለግኩት ይህንኑ ነበር። ቀለለኝ? አልቀለለኝም። ብትጠራኝና ባልሰማ ይሻል ነበር፤ ጆሮዬን እወቅስ ነበር። አሁን የምወቅሰው ቁጣዬን ነው።

ጠዋት የእትዬን በር አንኳኳሁ። ስሠራ ሳሎን ቁጭ በሉልኝ አልኳቸው፤ በየመሀሉም ይጥሩኝ።

«ስለ ምን ልጥራሽ ልጄ?»

«ስለ ምንም።»

መጡ። ታይመሩን አላዞርኩትም። መጀመሪያ ጨው የት እንዳለ ጠየቁኝ፤ ተነሣሁ። ቀጥሎ ዝናብ ይመጣ ይሆን አሉኝ፤ ተነሣሁ። ሦስተኛው ላይ የሚሉት ጠፍቷቸው «ማሂዬ» ብቻ አሉ። ወጥቼ ትንሽ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። በዚህ ሁሉ መነሣት መሀል የሦስት ፎቅ ደረጃ ነድፌ ጨረስኩ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም።

ሁለት ፎቅ ይቀረኛል። ለነገ ይድረስ አይድረስ እንጃ። ይኸው ደግሞ እየጠሩኝ ነው፤ ልነሣ።