ከጋሪ ሥር የወጣው ስኮርታ

ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት ፲፩ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ልጄ ታምራት፣

እናት ከሁሉ በፊት የልጇን ጤና ትጠይቃለችና፣ ደህና ነህ ወይ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ሙቀቱ ያው የምታውቀው ነው፤ ዘንድሮ ሌሊቱም አልበረደም። ስልኬን ስለማታነሳ ይህን ወረቀት ሽንኩርት ጭኖ ሞያሌ ለሚወርድ ሹፌር ሰጥቼዋለሁ። በእጁ ካልሆነ ለማንም አልሰጥም ብሎ ምሎልኛል። መሐላ በዚህ ዘመን ምን ያህል እንደሚቀልል ከአንተ ተምሬአለሁ፤ ግን ሌላ መንገድ የለኝም።

ነገሩ የመኪናው ነው።

የአባትህን መኪና ለመሪያም ልጅ ለአብዱሰላም ስትሸጥ እኔ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። አብዱሰላም ሞተሩን አስነስቶ አዳመጠ፣ መሪውን ወዲያ ወዲህ አደረገው፤ የኋላውን ኮፈን ግን አልከፈተም። "የጎደለው ነገር አለ?" ብዬ በፊቱ ብጠይቅህ "ምንም" አልኸኝ። እሱም "ከእትዬ አበራሽ ቤት የወጣ ዕቃ አይፈተሽም፤ ነውር ነው" ብሎ ቁልፉን ተቀበለ። የሰፈራችን ደንብ ይህ ነው። ዕቃ የሚፈተሸው ከማያውቁት ሰው ሲገዙ ነው፤ እናት ተቀምጣ እያየች የልጇን ኮፈን መክፈት እናቲቱን ሌባ ማለት ነው። አንተም ደንቡን ታውቃለህ። አውቀህ ተደገፍህበት።

ባለፈው ሳምንት መሪያም ትንፋሽ አጠራትና አብዱሰላም እናቱን ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ወጣ። ከአርማንያ ከተማ አልፈው ዳገቱ ላይ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ኮፈኑን ከፈተ። ክሪኩ አለ፣ የጎማ መፍቻው አለ፤ ስኮርታው፣ ትርፍ ጎማው፣ በሚቀመጥበት ጉድጓድ ውስጥ ግን ገለባ የታጨቀበት ማዳበሪያ አገኘ። ምንጣፉ እንዳይጎደጉድ መሆኑ ነው። ስኮርታ ሸጦ መብላት አንድ ነገር ነው፤ ቸገረው ይባላል። በቦታው ገለባ መጠቅጠቅ ግን ሌላ ነው። ያን ማዳበሪያ ጎንበስ ብለህ በእጅህ ስታስተካክል እየታየኝ ምራቄ ይመርረኛል።

መሪያም የጭነት መኪና እስኪያነሳቸው ፀሐይ ላይ ድንጋይ ተደግፋ ተቀመጠች። እኔ ትምህርት ቤት ስውል አንተን አዝላ ያሳደገች ሴት ናት። ተርፋለች፤ ሐኪሙ ግን ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው አሉ።

አብዱሰላም ተመልሶ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔም የሰማሁት ከባጃጅ ነጂዎች ነው። ሲያገኘኝ እጄን ይስም የነበረ ሰው ከመንገዱ ማዶ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ያልፈኝ ጀመር። እኔም ያወቅሁ መስሎታል። ያን ቀን ደጃፍ ላይ የተቀመጥሁት ገለባውን ልጠብቅ መስሎታል። ከመሪያም ጋር አንድ አጥር ተካፍለን አርጅተናል፤ በልቅሶም በረሃብም እንዲህ ያለ ዝምታ በመካከላችን ተኝቶ አያውቅም።

ስለዚህ ስኮርታ ፍለጋ ወጣሁ። ወንድሙ የሚባለው ጎሚስታ ተማሪዬ ነበር። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ጎትቶ አወጣና በጋለ ቢላ ጥርስ እያበጀለት "አዲስ መሰለ እኮ፣ እትዬ" አለኝ። መምሰሉን አልፈልግም አልሁት። በጥፍሬ ብጭረው ሽቦው ሊታይ ምንም አልቀረው። ይህን አንዱ አባወራ ገዝቶ ልጆቹን ጭኖ ዳገት ይወጣበታል። አጣዬ አስደወልሁት፤ በልኩ የለም ተባለ። ወንድሙ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣ ሲጠርግ ቆየና መሬት መሬት እያየ፣

"አይቆጡኝ እትዬ፤ የጋሼ ይልማ ስኮርታ እዚሁ ከተማ እየዞረ ነው። ታምራት ለሽንኩርት ጋሪ ሸጦታል" አለኝ።

ሄጄ አየሁት። ገበያው ጫፍ አንድ የአህያ ጋሪ ሽንኩርት ተከምሮበት ቆሟል፤ በግራው በኩል አባትህ በነጭ ቀለም "ይ" ብሎ የጻፈበት ቸርኬ ፋንድያ ለብሶ ተገጥሟል። አባትህ ያን ጎማ በየጊዜው እያወጣ ንፋሱን ይለካ ነበር፤ ሰው መንገድ ላይ እንዳይቀር እያለ። ባለጋሪው "መኪና ውስጥ ተኝቶ የኖረ ጎማ እኛ ጋ መጥቶ ሥራ ለመደ፣ እትዬ" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ወንድሙ ያን በቢላ የተሸነሸነ ጎማውን ለጋሪው ገጠመለት፤ ለአህያ ይበቃል። የአባትህን ፈታልኝ። አጥቤ በባጃጅ አስጫንሁና አብዱሰላም በር ላይ አወረድሁት።

አብዱሰላም ወጣ። ጎማውን አየ፣ እኔን አየ። ልናገር የሄድሁት እውነቱን ነበር። መንገዱን ሁሉ ቃላቱን ሳሰናዳ ነበር የመጣሁት።

"ታምራት አጥቦ እንዲደርቅ ጓዳ አስቀምጦት ነበር። ገለባውንም ለጊዜው ያስገባው እሱ ነው። ንገሪው ብሎኝ ሄደ፤ እኔ ረሳሁት" አልሁት።

ጎሚስታው ወንድሙ የሚያውቀውን አብዱሰላም እንደማያጣው አውቃለሁ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ እጄን ሳመ።

"ዕድሜ ነው፣ እትዬ። ሰው ይረሳል" አለ።

ኮፈኑን ክፈትና እያየሁ አስገባው አልሁት። "ግድ የለም፤ እርስዎ አለ ካሉ አለ ነው" ሲለኝ ክፈት አልሁት። ከፈተ። ከእንግዲህ ከዚህ ቤት የሚወጣ ሁሉ ይፈተሽ።

ሰላምታው ተመልሷል። በምትኩ መርሳቴ በሰፈሩ ተሰምቷል። መሪያም በጠዋት በአጥሩ በኩል "አበራሽ፣ መድኃኒትሽን ውጠሻል? ምድጃሽንስ አጥፍተሻል?" እያለች ትጣራለች። ያስተማርኋቸውን ልጆች ስም ከነአባታቸው ዛሬም ያለ ስሕተት የምጠራ ሴት፣ "እሺ መሪያም፣ አመሰግናለሁ" እላለሁ። ልጅ ሲዋሽ ከሰልፍ አውጥቼ አንበረክክ የነበርሁ መምህርት ነኝ። ራሴን ስታዘብ ይቀፈኛል፤ አንተን ስታዘብ ደግሞ ይብስብኛል።

አብዱሰላም ቁጥርህን ከእኔ ወስዷል፤ ለአረፋ ናልን ሊልህ ነው። የእኔን ስልክ ባታነሳ የእሱን አንሳ። ስለ ስኮርታው ከጠየቀህ "እናቴ መርሳት ጀምራለች" በለው። ሌላ ቃል እንዳትጨምር፤ ስትጨምር ነው የምታበላሸው። ይህን ወረቀት አንብበህ ቅደደው።

ውሃ አፍልተህ ጠጣ። ክፉ አይይህ፤ ያባትህ አምላክ ከመንገድ ላይ አያስቀርህ፣ ወደ ደጅህም ይመልስህ።

ምንም የማትረሳው እናትህ፣
አበራሽ