አርብ አርብ የምንቀመጥባት ገበታ

ሰይድዬ፣ አካሌ፣ የሐያት አባት፤

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ቀብርህን ያስፋልህ፤ ኑር ያድርግልህ። ከተለያየን ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገባ። መካነ ሰላም እንደምታውቃት ናት፤ ጭጋጉ ከጠዋት ጀምሮ ይጫናታል፣ ጭቃው እግር ይይዛል። እኔ ግን እንደምታውቀኝ አይደለሁም። ዛሬ አርብ ነው። ሰዉ ከመስጊድ ሲወጣ ድምፁን ሰማሁና ሳላስበው ብድግ ብዬ ሻሼን አሰርኩ፣ ጫማዬን አደረግኩ። የት ልሄድ እንደሆነ ራሴን የጠየቅኩት በሩ ጋ ስደርስ ነው። የምሄድበት የለኝም። ተመልሼ ተቀመጥኩና ላንተ መጻፍ ጀመርኩ።

መጀመሪያ «ነገ ምሳ ሆቴል ነው የምንበላው» ያልከኝ ቀን ያበድክ መስሎኝ ነበር። በእኛ ዘንድ ሆቴል የሚበላ ወይ መንገደኛ ነው ወይ ወንደላጤ። ባለትዳር ሴት ከባሏ ጋር ሆቴል ገብታ ስትጎርስ ማን አይቶ ያውቃል? እናትህ ሲሰሙ፣ «ምን ጎደለና ነው? የዘይነባ እጅ ተሰበረ ወይ?» አሉ። አንተም ሳቅ ብለህ፣ «እጇስ ደህና ነው እማ፤ ላሳርፈው ፈልጌ ነው» አልካቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረህ የነገርከኝን ግን እሳቸው አልሰሙም። «ዘይኑ፣ ከተጋባን ጀምሮ አንድ ቀን አብረን ጀምረን አብረን ጨርሰን አናውቅም። እኔ ስጎርስ አንቺ ቆመሻል። አንቺ ስትቀመጪ ወጡ ቀዝቅዟል» አልከኝ። ወላሂ እኔ ነገሩን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። እናቴም እንደዚያው ኖራ ነው ያለፈችው። ሴት ከሁሉም በኋላ ትበላለች፤ አለቀ። አንተ ግን አይተኸው ኖሯል።

ተስፋዬና ሚስቱ ውዴ የተጨመሩት ቆይተው ነው። ተስፋዬ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምር ነበርና ከከብት መድኃኒት ቤትህ አጠገብ ቤት ተከራይቶ ገባ። ሁለታችሁ ከተገናኛችሁ ወዲያ ጨዋታችሁ ማለቂያ አጣ። ለዒድ እነሱ እኛ ቤት ይመጣሉ፣ ለፋሲካ እኛ እነሱ ቤት እንሄዳለን፤ እነሱ ለእኛ በእስላም ያሳርዳሉ፣ እኛም ለእነሱ በክርስቲያን እናሳርዳለን። መከባበሩ ነበር። አንድ ትሪ ላይ እጃችን ተገናኝቶ ግን አያውቅም፤ ሥጋው ይለየናል። መላውን ያመጣኸው አንተ ነህ። «አርብ እነሱ ይጾማሉ፤ በጾም ቀን ሥጋ የለም። ታዲያ ሽሮ ምን ሃይማኖት አለው?» አልክ።

እንዲህ ብለህ ነው እትዬ ውባለም ቤት ይዘኸን የሄድከው። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ያለው፣ በሩ ሰማያዊ የተቀባው ሆቴል። እትዬ ውባለም ነገሩን ሲሰሙ ለአርብ ብቻ የሚሆን ድስት ገዝተው ከሌሎቹ ለይተው ሰቀሉ። እኔ ሳፍር አይተውኝ፣ «ነይ ወዲህ ልጄ፣ ራስሽ እዪ። ይቺ ድስት ሥጋ የሚባል ነገር አታውቅም። ከኔም ከአንቺም ይልቅ ንጹሕ ናት» ብለው እጄን ይዘው ወጥ ቤት አስገቡኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አፍሬ አላውቅም።

አንተ ከጁምዓ በነጭ ጀለቢያህ ትመጣለህ። ተስፋዬ ጠመኔው ከእጅጌው ሳይራገፍ ይደርሳል። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አይቀምስምና ትሪው ፊቱ ቀርቦ ሰዓቱን ያያል። «ጌታው፣ ትንሽ ብትቀድም እኮ ሰማዩ አይደፋም» ትለዋለህ። «ረመዳን ላይ እኔ እንዲህ ብልህ ትወዳለህ?» ይልሃል። በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ቀልድ ነበር፤ በየሳምንቱም እንስቅ ነበር። ተጋቢኖው እየተንተከተከ በሸክላው ይመጣል፤ ምስሩ፣ ጎመኑ፣ ስልጆው፣ ስንግ ቃሪያው ዙሪያውን ይሰለፋል። መጀመሪያ የምታጎርሰው ውዴን ነበር፤ ከዚያ እኔን። ሐያት ያኔ ትንሽ ነበረች። ሆዷ ሲሞላ ውዴ ጭን ላይ ትተኛለች። እኔ እቀመጣለሁ፤ ዝም ብዬ እቀመጣለሁ። ሌላ ሰው እንጀራ ይጨምርልኛል፣ ሌላ ሰው ውኃ ያመጣልኛል። በሕይወቴ ውስጥ ወይዘሮ የሆንኩት በዚያች ገበታ ላይ ነው ሰይዴ፤ ሌላ ቦታ ሆኜ አላውቅም።

ለገበያ ስትወጣም ትዝ እልህ ነበር። ደጎሎ ያለች አንዲት ሴት ጥሩ ዱለት ትሠራለች ብለህ፣ ከብቱን አክመህ እስክትጨርስ መኪና ውስጥ አስቀምጠኸኝ፣ ልብስህ መድኃኒት መድኃኒት እየሸተተ ይዘኸኝ ገባህ። ወረኢሉም እንዲሁ። ሰው ሚስቱን ወርቅ ያስለብሳል፤ አንተ ወንበር ስበህ ታስቀምጠኝ ነበር።

ከዚያ መጉረስ ተውክ። መጀመሪያ ማናችንም አላወቅንብህም፤ እያወራህ፣ እያሳቅክ፣ ድርሻህን ወደኛ ትገፋ ነበር። ውዴ ናት የነቃችው። «ሰይድ፣ ዛሬም አልበላህም» አለችህ። «ጨጓራዬ ነው፣ ይተወኛል» አልክ። አልተወህም። የሱሪህ ቀበቶ ሌላ ቀዳዳ ተበጀለት፣ ከዚያም ሌላ። እዚህ ያየህ ሐኪም፣ «ደሴ ሄደህ በመሣሪያ መታየት አለብህ፤ ባትዘገይ ጥሩ ነው» አለ። መንገዱ ግን በአካባቢው በተነሣው ተኩስ ምክንያት ተዘግቶ ነበር። ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል እያልን ጠበቅን። ጠዋት ጠዋት ተስፋዬ መናኸሪያ ወርዶ ይጠይቃል፤ ሲመለስ ፊቱን አይተን መልሱን እናውቃለን። ሰው ቤቱ ተቀምጦ፣ በሩ ሳይቆለፍ፣ እንዴት እስረኛ እንደሚሆን ያኔ አየሁ።

መንገዱ ተከፍቶ ደሴ ስንደርስ ሐኪሙ ብቻዬን አስጠራኝ። ወጣት ነበር። ዓይኔን አላየኝም። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» አለ። ቀጥሎ፣ «አሁን ቤቱ ሆኖ ቢታመም ይሻለዋል» አለኝ። ስወጣ አልጠየቅከኝም። «እንሂድ ዘይኑ፣ መኪና እንዳያመልጠን» ብቻ አልክ።

አቀስታ ላይ ሚኒባሱ ለምሳ ቆመ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከመኪናው አትውረድ ብልህ እምቢ አልክ። ክንድህን ይዤህ ገባን፤ ከግድግዳው ጥግ ተቀመጥን። የእስላም ቤት መሆኑን ጠይቀህ ቅቅል አዘዝክ። አስተናጋጇን፣ «ለእሷ ትኩሱን አምጪላት እህቴ» አልካት። መጣ። ማንኪያውን አነሳህ፣ ወደ አፍህ አስጠጋህ፣ መልሰህ አስቀመጥከው። እኔም የኔን አስቀመጥኩ። ያኔ ተቆጣኸኝ፤ በትዳራችን ተቆጥተኸኝ የማታውቀውን ያህል። «ብይ እንጂ! በዚህ ብርድ ስቡ ይረጋል። አንቺ ብይ፤ እኔ ልይሽ» አልከኝ። በላሁ። ዓይንህ ከአፌ ላይ አልተነሳም። አንተ እያየኸኝ አንድ ሳህን ሙሉ ቅቅል ጨረስኩ፤ እንዴት እንደወረደልኝ አላህ ያውቃል። ተሳፋሪው ሁሉ ወጥቶ ይጠብቀናል፤ ሹፌሩ ግን ጥሩምባ አልነፋም። ሳህኑ ባዶ ሲሆን፣ «አልሐምዱሊላህ» አልክ፤ የጠገብክ አንተ ይመስል።

ከደሴ ከተመለስን ብዙ አልቆየህም።

ሐዘኑን አንተም ብታየው ትደነቅ ነበር። ተስፋዬ ከወንድሞችህ ጋር ሰንዱቃውን ተሸክሞ እስከ መቃብር ሄደ። ድንኳኑ እስኪፈርስ ድረስ ከፍራሹ አልተነሳም። እኔ ኢዳ ገብቼ አራት ወር ከአሥር ቀን ከቤት መውጣት በተውኩበት ጊዜ፣ አርብ አርብ እሱና ውዴ ትሪውን በጨርቅ ሸፍነው ከእትዬ ውባለም ቤት ተሸክመው ይመጡ ነበር። እትዬ ውባለም አንድ ቀን ራሳቸው መጥተው፣ «እሷ መምጣት ካልቻለች ገበታው ይምጣላት» ብለው ደጃፉ ላይ አለቀሱ። እኛም ቤት ውስጥ ተቀምጠን ትሪውን እናየዋለን። ሐያት ትንሽ ትቆርሳለች። ተስፋዬ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰዓቱን አላይም ብሎ አንገቱን ይደፋል፤ የሚቀልድበት የለማ።

ኢዳዬ ሲያልቅ ወሰዱኝ። ያንኑ ወንበር፣ ያንኑ ጥግ። አስተናጋጇ አዲስ ነበረችና የማንንም ነገር ሳታውቅ ያንተን ወንበር አንስታ ለሌላ ጠረጴዛ ሰጠች። ምን ታድርግ? ባዶ ወንበር ነው። ተስፋዬ ሊናገራት ተነሣ፤ እኔ ልብሱን ይዤ አስቀመጥኩት። ያን ቀን ማንም አልበላም።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር አንድ በአንድ ሄደ። ተስፋዬ ደሴ ተዛወረ። ውዴ ስትሰናበተኝ አንገቴን ይዛ፣ «እኔ ሌላ እህት የለኝም» ትለኛለች፤ እኔ ጀርባዋን መታ መታ አደርጋለሁ። መንገዱ እየተዘጋ እየተከፈተ ዘይቱም ሽንኩርቱም ሲጠፋ እትዬ ውባለም ሆቴሉን ዘግተው ወረኢሉ እህታቸው ጋ ሄዱ። ሰማያዊው በር ላይ አሁን ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ደጃፉ ላይ ልጆች የስልክ ካርድና ቻርጀር ይሸጣሉ። በዚያ በኩል ማለፍ ትቻለሁ፤ ገበያ የምሄደው ዞሬ ነው።

ይህን ልጽፍልህ እየፈራሁ ነው የቆየሁት፤ ሐያትም ሄደች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው አልመጣላትም። መድኃኒት ቤቱን የሚይዘው ጠፍቶ ተዘጋ። ጓደኞቿ አንድ በአንድ ዐረብ አገር ሲሄዱ እሷም ልቧ ተነሣ። እንዳትሄድ ለምኛታለሁ። «እማ፣ አባ ቢኖር እኔም አልሄድም ነበር። አሁን ግን ሁለታችንም ቁጭ ብለን ችግሩን እንየው?» አለችኝ።

አርብ አሠሪዎቿ ስልክ ይሰጧታል፤ ትደውላለች። ባለፈው እንግዳ ነበረን አለች። ምን ምን እንደሠራች፣ ስንት ዓይነት እንዳቀረበች ነገረችኝ፤ ሙያዋን ልታሳየኝ ነው። «አንቺስ በላሽ?» አልኳት። «አዎ እማ፣ ሲነሱ የተረፋቸውን በላሁ። እዚያው ማድ ቤት ቆሜ» አለችኝ። እንደ ቀላል ነገር ነው የተናገረችው፤ ሳቅ ብላ። እኔ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ያቺ ውዴ ጭን ላይ ጠግባ የምትተኛዋ ልጅህ፣ ሰይዴ። አንተ ከእናቴና ከእናትህ ዕጣ ልታወጣት የደከምክላት ልጅ በሰው አገር ከሰው ገበታ ኋላ ቆማለች። ብትሰማ መቃብር አይይዝህም ነበር። አላለቀስኩባትም፤ «ጎሽ ልጄ፣ አላህ ይጠብቅሽ» አልኳት።

ለአንድ ሰው ወጥ አይሠራም። የተገኘውን ምድጃው አጠገብ ቆሜ ቀምሼ እወጣለሁ። ጎረቤት፣ «አብሽሪ ዘይነባ፣ ሶብር አድርጊ» ይለኛል። እውነቱን ነው። ግን ሶብሩም ትዕግሥቱም እንደ ሌማት እንጀራ ኖሯል፤ ያልቃል። ከፊቴ የሚታየኝ ነገር የለም። ክረምቱ ሲወጣ ምን ይሁን ብዬ እጠብቃለሁ?

በሚመጣው ሳምንት ሸሁን ጠርቼ ዱዓ አስደርግልሃለሁ። ተስፋዬ ደውሎ፣ «መንገድ ካለ እኔና ውዴ እንመጣለን፤ ከሌለም አትቀየሚን» ብሎኛል። ሐያት በዚያ ሰዓት ስልክ ከሰጧት ትሰማለች። ካልሆነም ከሸሁ ጋር ሁለታችን እንሆናለን። መጽናናትን ቃል አልገባልህም፤ አልችለውም። መሳቅንም ቃል አልገባልህም። አንተን ላለመርሳት ግን ይኸው ቃሌ፤ ሸሁ «ለማን እናድርግ?» ሲሉኝ ስምህን ከነአባትህ ስም፣ ድምፄን ሳልቀንስ እጠራዋለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስ በዚህ ቤት ስምህ ሳይጠራ ዓመት አይዞርም።

ያንተው
ዘይነባ