ስድስት ወር የቆየው በዓል

እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ? ያ ትንሹ ትኩሳቱ ለቀቀው? ቅዳሜ ዕለት አተኮሰው ስለተባለ ነው የምጠይቅሽ፤ ለነገር እንዳይመስልሽ። ደህና፣ ትንሽ ለነገርም ነው።

እኔ ተመስገን ጤነኛ ነኝ። አባዬም እንዳለ አለ። ቀኝ እጁ አሁንም እምቢ እንዳለው ነው፤ ግራው ግን ይሠራል። በቀን ሃያ ቃል ቢናገር ነው፤ ከሃያው አምስቱ ስለ ሻዩ ስኳር ነው። ሐኪሙ የፈቀደለት አንድ ማንኪያ ነው። ሁለት ነው ብሎ ቢምልልሽ እንዳታምኚው።

በዓላችንን አከበርን። አዎ፣ ያንኑ በዓል፤ አገር ምድሩ አክብሮት ስድስት ወር ያለፈውን።

እማዬን ስንት ጊዜ አነሳኋት መሰለሽ! ትዝ ይልሻል፣ አባዬ አውቶቡስ በሚነዳበት ዘመን በዓል በመጣ ቁጥር ሰውን ሁሉ ወደየቤቱ ሲያደርስ እሱ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። እሷም በዓሉን ታቆይለት ነበር። የወረቀቱ ጌጥ ሳሎን ጣሪያ ላይ እንደተሰቀለ ይቆያል፤ ሳምንትም ይለፍ ወር፣ አባዬ የገባ ቀን ያ ቀን በዓል ነው። ሁለት ሕግ ነበራት። የጎደለ ሰው ካለ ጌጡ አይወርድም። ጌጡ ሳይወርድ ደግሞ ከዚህ ቤት ማንም ሻንጣ ይዞ አይወጣም። ሁለተኛውን ያወጣችው አባዬ ገና እንደገባ ተመልሶ ውልቅ እንዳይልባት ነው። ለነገሩ በቤቱ ያለው ሻንጣ አንድ ብቻ ስለሆነና ጌጡም የሚቀመጠው እሱ ውስጥ ስለሆነ፣ ሕጉን ማስከበር አልከበዳትም። እሷ ካለፈች በኋላ አባዬ ሕጉን እንዳለ ወረሰው።

ዘንድሮ የጎደልሽው አንቺ ነሽ። በበዓሉ እመጣለሁ አልሽ፣ ቀረሽ። ልጆቹ ፈተና ሲጨርሱ አልሽ። ከዚያ የቤታችሁ ቀለም እስኪደርቅ አልሽ፤ ሁለት ወር የማይደርቅ ቀለም ከየት እንደገዛችሁ ንገሪኝ። ጌጡ ከራሴ በላይ ተንጠልጥሎ ከረመ። ቀዩ ወረቀት ሮዝ ሆነ፣ በነጩ ዝንብ ተጫወተበት። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ በመስኮት ባየኝ ቁጥር እንኳን አደረሰሽ ይለኛል። አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ ላወርደው ወንበር ላይ ወጣሁ። አባዬ ከአልጋው ላይ አየኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔም ወረድኩ።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። የስፌት ቤታችን ባለቤት ሌላ ከተማ አዲስ ስፌት ቤት ከፍታለች። የመቁረጫ ጠረጴዛውን ምሪልኝ አለችኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ ስተክል ለኖርኩት ለእኔ! እስከዚህ ወር መጨረሻ ልጠብቅሽ፣ ከዚያ ግን ሌላ ሰው እቀጥራለሁ አለች። ለአባዬ ስነግረው ቀና ብሎ ጌጡን አየ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ጠበበኝ። ከማእድ ቤት እስከ አልጋው ዐሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ስቆጥረው ነው የምውለው። አንዳንዴ መታጠቢያ ቤት እገባና ውሃውን ከፍቼ ዝም ብዬ እቆማለሁ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ጠልቼሽ ነበር።

ለዚህ ነው ቅዳሜ እመጣለሁ ብለሽ በራስሽ አንደበት ስትነግሪኝ ሰው ሁሉ የጠራሁት።

ድግሱ እንዴት ደስ ይል ነበር መሰለሽ! የማንም በዓል ስላልሆነ ማንም አልተጨናነቀም። አክስታችን በነጠላ ጫማ መጣች። ፀጉር አስተካካዩ ሽርጡን እንኳ አላወለቀም። የስፌት ቤት ጓደኞቼ ወንበራቸውን ተሸክመው መጡ። የአባዬ የድሮ የአውቶቡስ ረዳት፣ ጋሽ ሳበው፣ ከበር ላይ ሆነው ውስጥ ቦታ አለ ወይ ብለው ጮኹ። ዶሮ ጠብሼ ነበር። ድንቹ አረረብኝ፤ እነሱ ግን ያረረውን እየተሻሙ በሉት። ሁሉም መረቁኝ፣ የዚህ ቤት ምሰሶ አንቺ ነሽ አሉኝ። ምሰሶ መሆን ማለት እኮ ቆሞ መቅረት ነው። አሜን አልኩ፣ ምን ልበል?

የስልክሽን መልእክት ያመጣችልኝ አክስታችን ናት፤ ማእድ ቤት ገብታ፣ ዓይኔን ሳታይ፣ ልጁ አተኩሶታልና ያለ እኔ ጀምሩ ብላለች አለችኝ። እሺ አልኩና ሳህን መቁጠሬን ቀጠልኩ። ሁለቴ ተሳሳትኩ።

አባዬ ሳይቆጥረን ማዕድ እንደማይቀርብ ታውቂያለሽ። ጋሽ ሳበው ደግፈው አመጡት። መጥቶ ግራ እጁን ራሴ ላይ ጫነና ትልቋ አለ። አክስታችን ጠጋ ብላ፣ ትልቋ አልመጣችም እኮ፣ ይቺ ትንሿ ናት አለችው። እሱ እጁን አነሳና መልሶ ራሴ ላይ አሳረፈው። ትንሿ አለ። ከዚያ ወደ ጋሽ ሳበው ዞሮ፣ ሞልቷል አለ።

ጋሽ ሳበው የሠላሳ ዓመት ልማድ ሆኖባቸው በሩን በመዳፋቸው ደብደብ አድርገው፣ ሳበው! ብለው ጮኹ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አክስታችን ግን ከንፈሯን መጠጠች፤ ወይኔ፣ ልጆቹን መለየት አቃተው አለች። እኔም እንደዚያው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን በግራ እጁ ወደ ጣሪያው ጠቆመ። አውርዱት አለ። ጋሽ ሳበው ወንበር ላይ ወጥተው ጌጡን ሲያወርዱ አባዬ የሚያየው እኔን ነበር።

እታለም፣ አባታችን ዕድሜውን ሁሉ ተሳፋሪ ቆጥሮ አንድ ቀን ያልተሳሳተ ሰው ነው። ጉልበቱ ላይ ተደፍቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ከሚስቁት መሀል ደስታ የመሰላቸውም ነበሩ።

መድኃኒቱ ጠዋት ሁለት፣ ማታ አንድ ነው፤ ሰዓቱን የቁም ሳጥኑ በር ላይ ከውስጥ በኩል ለጥፌዋለሁ። ሲላጭ ዝም በይው፣ ሲያወሩት ይናደዳል። ይህ ደብዳቤ ዓርብ ሳይደርስሽ አይቀርም። ፀጉር አስተካካዩ ከአባዬ ጋር እስከ እሑድ ምሳ ድረስ አለሁ ብሎኛል፤ ከዚያ በኋላ ግን የራሱ ሥራ አለበት። በፖስታው ውስጥ ያለው የበር ቁልፍ የእኔ ነው።

ጌጡን አራግፌ፣ አጣጥፌ፣ በካርቶን አድርጌ አልጋሽ ላይ አስቀምጬልሻለሁ። ሻንጣው ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ልጅሽን ይማርልሽ። መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ለእኔም እንዲሁ በይልኝ።

ቅዳሜ ዕለት አንቺንም ሆና የተቆጠረችው፣
ታናሽ እህትሽ