ጣት የምታህል ዓሣ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6። ምሳ ሰዓት።

የዓሣ መሻገሪያ ደረጃው ድሮዊንግ አልቋል። ውሃው በየደረጃው እየተንደረደረ ይወርዳል፣ ዓሣው በዚያው እየዘለለ ይወጣል። እንዴት ያለ ሥራ! ራሴ ሠርቼ ራሴ አደነቅሁ። ካንቺ ሌላ ጉራዬን የምነዛበት ማን አለኝ፣ ማስታወሻዬ?

ደንበኛችን የአንዲት ትንሽ ደሴት ማዘጋጃ ቤት ነው። ወንዛቸው አጭር፤ ከተራራ ወርዶ ወዲያው ባሕር ይገባል። መሀሉ ላይ አሮጌ ግድብ አለ። ዓሣ ጠፋብን፣ ግድቡን የሚሻገርበት መንገድ ሥሩልን አሉ። ግድብ ከተባለማ ወዲህ በሉኝ። እዚህ ኮሎምበስ ዳር፣ ሂሊያርድ ያለው ቢሮአችን ውስጥ የኔን ያህል ግድብ የሚወድ የለም።

ጋሼ ታደሰ ኮል አደረጉልኝ። አዲስ አበባ ፊዚክስ አስተማሪዬ የነበሩ፣ እዚህ ኮሎምበስ ደግሞ አባት የሆኑኝ ሰው። ኮሚኒቲው የአባይ ግድብ በመመረቁ ቅዳሜ በ18 አዳራሽ ተከራይቶ ሊያከብር ነው። ንግግሩ የኔ። እሺ አልኩ። ሌላ ማን ሊያደርገው ነበር?

ያው ሰኞ። ከሥራ መውጫ።

ኬቨን፣ የዓሣ ባለሙያችን፣ ድሮዊንጌን አይቶ ሳቀ። ቪዲዮ አሳየኝ። የደሴቷ ዓሣ ጣት ብታህል ነው። አትዘልም። ሆዷ ላይ መምጠጫ አላት፤ እርጥብ ድንጋይ ላይ እየተጣበቀች፣ ትንሽ እያረፈች፣ ቀጥ ያለ ፏፏቴ ትወጣለች። የኔ ደረጃ ደግሞ ለዘላይ ዓሣ! ተናደድኩ። ብዙም አልቆየብኝ። ደረጃውን ትቼ ሻካራ፣ ሁልጊዜ እርጥብ የሆነ ራምፕ፣ ማለት ተዳፋት መወጣጫ፣ ጀመርኩ። እንዲያውም ይሻላል፣ ሲሚንቶም ይቆጥባል።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

የራምፑን ሞዴል ለመሞከር የቢሮው ጋራዥ ውስጥ ነን። ኮምፔርሳቶ፣ ጠጠር የበዛበት ሲሚንቶ፣ ከቧንቧ የተሳበ ጎማ። ጫማዬ በስብሷል። ውሃው ራምፑን ስስ አድርጎ አለበሰው፤ ልክ እንደፈለግሁት። ኬቨን ራሱ አውራ ጣቱን አነሳልኝ።

ከሰዓት ከደሴቷ ጋር ዙም ነበረን። ማዘጋጃ ቤቱ አንዲት አሮጊት አምጥቷል፣ ማዳም ኦዴት ይባላሉ። የዓሣዋ ጫጩቶች ከባሕር ወደ ወንዙ በመንጋ ሲመለሱ እሳቸው የወንዙ አፍ ላይ ቆመው በመረብ ያወጣሉ፣ በዱቄት ለውሰው ጠብሰው ይሸጣሉ። እናታቸውም በዚሁ ነው ያሳደጓቸው። አሁን መረቡ ባዶ ነው። ዓሦቹ ይመለሳሉ ወይ አሉኝ። ይመለሳሉ አልኳቸው፣ ረገጥ አድርጌ። ፊታቸው ፈካ፣ ደስ አለኝ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

አይ ሰናይት፣ አይ እኔ! ጠዋት ከቤቴ ከሬይኖልድስበርግ ወደ ቢሮ ስመጣ ሀይዌይ ሰባ ላይ ትራፊክ ቀጥ ብሏል። ቡናዬን ይዤ ስለ ራምፔ ሳስብ ድንገት መጣልኝ። እናት ዓሦቹን ወደ ላይ አወጣኋቸው። ልጆቹን ማን ያወርዳቸዋል?

ኬቨንን ገና ጃኬቱን ሳያወልቅ ያዝኩት። ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣዋ ዕንቁላሏን ላይኛው ወንዝ ላይ ትጥላለች። የሚፈለፈለው ጫጩት ፀጉር ቢያክል ነው፤ መዋኘት የለ፣ ባሕር የሚያደርሰው ውሃው ነው። ስንቁ ሆዱ ላይ ያለችው አስኳል ብቻ ናት፣ ለጥቂት ቀን። በዚያ ውስጥ ባሕር ካልደረሰ ይሞታል። ባሕር አድጎ ነው ወደ ወንዝ የሚመለሰው።

የቀረው የኔ ሒሳብ ነው፣ ማንም አይነግረኝም። ከግድብ ጀርባ ውሃ ይተኛል። ከሐይቁ ጫፍ ግድቡ የውሃ ማስተንፈሻ ድረስ ለመምጣት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ በበጋማ ጭራሽ አይፈስም። ታዲያ ራምፔ ምን ሊሠራ ነው? እናቶቹን ልጆቻቸው ወደሚያልቁበት ቦታ ሊያደርስ። ወጥመድ ሠርቻለሁ፣ ያውም የሚያምር ወጥመድ።

ውሃ ብንለቅስ? በበጋ የሚለቀቅ የለም። በጎን ቦይ ብንቆፍርስ? ግራና ቀኙ ገደል ነው። እስከ ማምሻው ያልሞከርኩት የለም። ግድቡ ደግሞ ደለል ውጦታል፤ ተርባይኑ ከቆመ ቆይቷል፤ ከተማው የሚጠጣው ከጉድጓድ ነው። መፍረስ አለበት። ይኸው፣ ጻፍኩት። ዕድሜ ልኬን ግድብ ይሠራ እንጂ ይፍረስ ብዬ አላውቅም።

አለቃዬ የተጠየቅነው ራምፕ ነው፣ ራምፑን እንስጣቸው አለ። የማይሠራ ነገር በስሜ አይወጣም አልኩት። ጣራ ጣራ ማየት ጀመረ። ይስማማል፣ አውቀዋለሁ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12። ከቤተ ክርስቲያን መልስ።

ለጋሼ ታደሰ ነገርኳቸው። ምን ላድርግ፣ ለበዓሉ ማስተዋወቂያዬ ላይ የደሴት ግድብ የምታድስ ኢንጂነራችን ብለው ጽፈዋል። ያንን በሰው ፊት እንዲያነቡ አልፈለግሁም።

ፓርኪንጉ ላይ ቆመን ነው የሰሙኝ። ፊታቸው ጠቆረ። ያኛው ሌላ የኛ ሌላ ነው፣ ወንዙም ዓሣውም ሌላ ነው አልኳቸው። እሱማ ገብቷቸዋል። ሕዝቡ ግን ግድብ ይፍረስ አለች የምትለዋን ብቻ አንጠልጥሎ ይሄዳል አሉኝ። ወይ ሪፖርቱን በዓሉ እስኪያልፍ አቆዪው፣ ወይ ንግግሩን ለሌላ ሰው ልስጠው አሉ። ሪፖርት ለበዓል አላቆይም አልኩ። እንግዲያውስ አሉና መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ደህና ዋይ እንኳ አላሉኝም።

ባለቤቴ ብርሃኑ ምን አቻኮለሽ ብሎ ተቆጣኝ። አንድ ሳምንት አፍሽን ብትይዢ ምን ነበረበት? ሰውየው አንቺን ለማሳየት ስንት ሳምንት ሲዘጋጁ የከረሙ! አለቀስኩ፤ ላንቺ ምን እደብቃለሁ። ፊቴን ታጥቤ ሒሳቡን ደግሜ ሠራሁት። ልክ ነው።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

አለቃዬ ተስማማ። አላልኩሽም?

ዙም። ለደሴቷ ሰዎች ሁሉን ዘረዘርኩላቸው። ከንቲባው ደነገጠ። ግድቡን አያቶቻቸው ናቸው የሠሩት፣ ድንጋዩን በጀርባቸው ተሸክመው። ልጆች ሲመረቁ ፎቶ የሚነሱት እዚያ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ማዳም ኦዴት ቀጥታ ካሜራውን አዩ።

«ያንቺ አገር ሰዎች የሠሩት ቢሆን ታፈርሺዋለሽ?»

እኔ፣ ያቺ ለፍላፊ፣ ቀጠሮ ጠየቅሁ። ሰኞ መንደሩ ተሰብስቦ ድምፅ ይሰጣል፤ ያን ዕለት እመልስልዎታለሁ አልኳቸው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

ሄድኩ። ምን ቆርጦኝ እቀራለሁ፣ የኔም በዓል ነው! የሐበሻ ቀሚሴን ለብሼ ጥግ ተቀመጥኩ። ንግግሩን አንድ የባንክ ሠራተኛ አደረገው። ስለ ኮንክሪት ሲያወራ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት።

ጥያቄ ያለው ሲባል እጄን አወጣሁ። ጋሼ ታደሰ አዩኝ፣ አለፉኝ። ሌላ ሰው ጠየቀ። አሁንም እጄን አላወረድኩም። በመጨረሻ ማይኩን ሰጡኝ።

ግድባችን ሲመረቅ ሳሎኔ መሀል ቆሜ እልል ብያለሁ አልኩ። ሰኞ ደግሞ የሌላ ሰው ግድብ ይፍረስ ብዬ እፈርማለሁ። አዳራሹ ጉድ ነው አለ። ስለ ዓሣዋ፣ ስለ ጫጩቱ፣ ስለተኛው ውሃ፣ ስለ ማዳም ኦዴት ባዶ መረብ ነገርኳቸው። አንዱ ከኋላ ማን ከፈለሽ አለኝ፤ ተሳቀ። እትዬ አስካለ የሚባሉ እናት ከፊት ወንበር ዞረው ዓሣዋ ምን ታክላለች አሉ። ጣቴን አሳየኋቸው።

«ለዚህች ነው?»

«አዎ፣ ለዚህች።»

ይብስ ተሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጋሼ ታደሰም አልሳቁም። የኛስ ቢሆን ብለው ጠየቁኝ፣ ያለ ማይክ፣ ክፍል ውስጥ ይጠይቁኝ እንደነበረው። የኛም ቢሆን፣ አርጅቶ ሥራ ፈትቶ የሰው እንጀራ ብቻ የሚዘጋ ከሆነ፣ ይፍረስ እላለሁ አልኩ። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው እውነት መሆኑን ያወቅሁት።

ማይኩን ተቀብለውኝ ወደ እራቱ አለፉ። ስወጣ በር ላይ እጄን ጨበጡኝ። ሌላ ጊዜ ያቅፉኝ ነበር። ብርሃኑ የመኪናውን ሬዲዮ ከፍ አድርጎ ወደ ቤት ነዳ።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

ዙም ላይ መንደሩ በሙሉ አለ፤ ልጆች መስኮት ላይ ተንጠልጥለዋል። ለማዳም ኦዴት መለስኩላቸው። አዎ አልኩ፣ አገሬ ላይ ያለ ቢሆንም። ቅዳሜ በወገኖቼ ፊት እንዲህ ብያለሁ፣ ዋጋውንም ቀምሼዋለሁ አልኩ። ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

ከዚያ መቼ አሉ። ጫጩቱ መቼ ይመጣል?

ይህን ነበር የፈራሁት። ደለሉ በአንዴ ከተለቀቀ ወንዙን ያፍነዋል። ግድቡ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እየተቀነሰ ነው የሚፈርሰው፤ ከዚያም ወንዙ መጥራት አለበት። ብዙ ዓመት። ማዳም ኦዴት ሰማንያን አልፈዋል። ላባብላቸው ዳድቶኝ ነበር፣ ተውኩት። እርስዎ የሚደርሱበት አይመስለኝም አልኳቸው።

ከንቲባው አንገቱን ደፋ፣ ከዚያ የሚደግፍ እጁን ያውጣ አለ።

መጀመሪያ የወጣው የማዳም ኦዴት እጅ ነበር። ዞር ብለው ሌላው ምን እንዳደረገ እንኳ አላዩም። ከዚያ ጎረቤታቸው። ከዚያ የኋላው ረድፍ። ከንቲባው መጨረሻ ላይ።

ግድቡ ይፍረስ የሚለው ሪፖርት ፊርማዬን እየጠበቀ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ኬቨን በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ስሜን ሙሉውን፣ ከነአባቴ፣ በትልቁ ልጽፍ ነው።