የጋሼ ያለእጅ አምስተኛ ዓላማ

ተማሪዎቻቸው «ጋሼ ያለእጅ» እያሉ የሚጠሯቸው ታላቅ ወንድማችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከስልክ ማዞሪያ ሠራተኛ እናታቸው፣ በ1944 ዓ.ም. ከስፌት ሱቁ ጀርባ ባለችው አንዲት ክፍል ተወለዱ። እናታችን ይነግሩን እንደነበረው በስፌት መኪናው ድምፅ ይተኙና መኪናው ሲቆም ያለቅሱ ነበር። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ከስምንት ዓመት በኋላ ስትወለድ መኪናው ያው ነበር፤ አባታችን የሚቀመጡበት መደገፊያ የሌለው የእንጨት ወንበርም ያው።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ተከታትለዋል። ዕድሜ ልካቸውን ስፖርት ስላስተማሩ ብዙዎች በልጅነታቸው ኳስ ተጫዋች የነበሩ ይመስላቸዋል። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ አንዲት ጎል አግብተዋል፤ እርሷንም በራሳቸው ቡድን ላይ።

ወደዚህ ሙያ የሳባቸው ኳስ ሳይሆን የአባታችን ወንበር ነው። በ1960 ዓ.ም. አባታችን ከተቀመጡበት ብድግ ማለት አቃታቸው። ሌላ ሕመም አልነበረባቸውም፤ ቁጭ ብለው ኖረው ጉልበታቸው ከዳቸው። ሱቁ ሲዘጋ ወንድማችን በቀኝ ብብታቸው፣ ታናሽ እህታቸው በግራ ገብተው ያነሧቸው ነበር። ደንበኛ እያየ መነሣት ስላፈሩ ሽንታቸውን ይዘው ይውሉ ነበር። ቆይተውም ዘመድ መጠየቅ ተዉ፤ በ1966 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ ከቤት አልወጡም።

ወንድማችን በ1967 ዓ.ም. በስፖርት ትምህርት ተመርቀው በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። እግራቸው ወለም ያለ ተማሪዎችን ወደ ክሊኒኩ መላክ አብዝተው ስለነበር፣ ነርሷ «ከእንግዲህ ልጆቹን ሳይሆን አስተማሪውን ላኩልኝ» አሉ። እርሳቸውም ሄዱ። በ1972 ዓ.ም. ከእኚሁ ነርስ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

በ1985 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው የጤናና የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ሳይንስ ትምህርት ክፍልን ሲከፍት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። ቢሯቸው ከጂምናዚየሙ ጀርባ ያለችው የኳስ ማስቀመጫ ክፍል ነበረች፤ እህታቸውም እዚያው በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ተሰጥቷት በታይፒስትነት ተቀጠረች። የክፍሉን ዓላማዎች እንዲያረቁ ሲታዘዙ አምስት ጻፉ። አራቱ ማንም የሚጠብቃቸው ናቸው፦ ብቁ የስፖርት መምህራንን ማፍራት፣ በጤናና በአካል ብቃት ባለሙያ ማሠልጠን፣ ምርምር ማካሄድ፣ ኅብረተሰቡን ማገልገል። አምስተኛው እንዲህ ይላል፦ «ሰው በእርጅናው ዘመን እጁን ሳያስደግፍ ከወንበሩ እንዲነሣ ማብቃት።»

ረቂቁን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ሳቀ። ሰብሳቢው «ይሄ እኮ የዩኒቨርሲቲ ዓላማ አይደለም። ከወንበር መነሣትማ ማንን ያቅተዋል?» ብለው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙት። ወንድማችን ወረቀቱን እህታቸው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ወደ ሜዳው ወጡ፤ ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር።

ታይፒስት የተሰጣትን እንጂ የፈለገችውን አትጽፍም። የዚያን ዕለት ግን እህታቸው አራቱን ከመታች በኋላ ጣቷ አልቆመም፤ አምስተኛውንም መታችው። ሰብሳቢው እንደ ልማዳቸው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አይተው ፈረሙ። ሰነዱ ጸደቀ፣ ታተመ፣ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ወንድማችን ኮሚቴው ሐሳቡን የቀየረ መሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ሰብሳቢውን ባገኙ ቁጥር ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው ያመሰግኗቸው ነበር። ሰብሳቢውም ለምን እንደሚመሰገኑ ሳያውቁ «ኧረ ምንም አይደል» እያሉ ይቀበላሉ። እህታቸው ይህን ባየች ቁጥር መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ትወድ ነበር፤ ግን ሆድ ይፍጀው ብላ ኖረች።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዓላማ ደግሞ መሠራት አለበት። በየዓመቱ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች አንድ ወንበርና አንድ የሩጫ ሰዓት ይዘው ቤት ለቤት ይዞሩ ጀመር። አዛውንቱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው በሠላሳ ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነሡ ይቆጠራል፤ ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን ልምምድ ያሠሯቸዋል። «ያለ እጅ! ያለ እጅ!» የሚለው የወንድማችን ድምፅ እስከ መንገድ ይሰማ ነበር፤ ቅጽል ስማቸውም ከዚያ መጣ። ሦስት ዓመት ከቤት ያልወጡ አንድ ጡረተኛ አናጺ በራሳቸው ተነሥተው እስከ በር ሲሸኟቸው፣ ወንድማችን ተማሪዎቻቸው ፊት እንደ ልጅ አለቀሱ። እቤታቸውም ቢሆን ሶፋ ተደግፎ የተነሣ እንግዳ እንደገና ተቀምጦ ሳይነሣ አይሄድም ነበር። ባለቤታቸው «ኧረ ሰዉን ልቀቀው!» ሲሉ ኖሩ።

በ2009 ዓ.ም. በጡረታ ተገለሉ። በ2015 ዓ.ም. እግር የሚያዝል የነርቭ ሕመም ያዛቸው። ጠዋት ጠዋት መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ስንት ጊዜ እንደሚነሡ ራሳቸው ይቆጥሩ ነበር፤ አሥራ ሁለት፣ ስምንት፣ ሦስት፣ አንድ።

ባለፈው መስከረም ሰብሳቢው ሊጠይቋቸው መጡ፤ ወንድማችን አሁንም ባርኔጣቸውን አውልቀው አመሰገኗቸው። ሰውየው እንደ ወጡ እህታቸው አልቻለችም፤ ሁሉንም ተናገረች። ወንድማችን «እና ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ባርኔጣዬን ሳወልቅ የኖርኩት ለማን ነው?» ብለው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድላቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጥፈው ለመነሣት ሞከሩ። አልሆነም። ደገሙት፤ አልሆነም። ያን ጊዜ፣ እህታቸው በምታውቀው ዘመን ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «እስቲ እጅሽን ስጪኝ» አሉ። በግራ ብብታቸው ገብታ አነሣቻቸው። ቀጥ ብለው ቆሙና ባርኔጣቸውን ለእርሷ አወለቁላት።

ወንድማችን ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ73 ዓመታቸው በቤታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ታናሽ እህታቸው አሉ። ሰብሳቢውም ዛሬ በመካከላችን ናቸው፤ እህታቸው ይቅርታ ትጠይቃቸዋለች፣ ምስጋናውን ግን እንዲመልሱ አትጠይቅም።

ፈጣሪ ጉልበት በማይከዳበት ቦታ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለምንወዳቸው ለእኛም ብርታቱን ይስጠን። አሁን ልንሰናበታቸው እንነሣ። የቻላችሁ ያለ እጅ፤ ያልቻላችሁ ከጎናችሁ ያለውን ሰው «እጅህን ስጠኝ» በሉት።