ልጆችን በጨዋታ ያሳደጉት የወይዘሮ ሠርካለም ሀብተ ሚካኤል የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሠርካለም ከአባታቸው ከመሪጌታ ሀብተ ሚካኤል ዘመነ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስንቄ ተክለ ማርያም በ1954 ዓ.ም. በደባርቅ አቅራቢያ በድብ ባሕር ተወለዱ። ያደጉበት ቤት የካህን ቤት ነበርና ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አይጫወትም፤ የተጠየቀውን ይመልሳል፣ ካልተጠየቀ ዝም ይላል። ይህ ግን ለሠርካለም አልሆነላቸውም። አባታቸው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የልጃቸው ሳቅ ከመንገድ ይቀበላቸው እንደነበር ታላላቆቻችን ዛሬም ያነሣሉ።

በደባርቅ እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1972 ዓ.ም. ከቄስ ሰይፈ ሥላሴ ቴዎፍሎስ ጋር በተክሊል ተጋብተው ዳባት ጎጆ ወጡ። በ1974 ዓ.ም. የበኩር ልጃቸውን ሕሩይን ወለዱ።

ሕሩይ የሚያስደነግጠው ነገር አልነበረም። ደወሉ እየተደወለ፣ ሰዉ እልል እያለ እሱ በእናቱ ጀርባ እንቅልፉን ይለጥጣል። ጎረቤቱም «የካህን ልጅ! ጨዋነቱን ከማኅፀን ይዞት መጣ» ይል ነበር። አንድ ባሕታዊ እንኳ «ይህስ ለምናኔ የተጠራ ነው» ብለው ባረኩት። ወይዘሮ ሠርካለምም ዝምታው በረከት መስሏቸው፣ ያ ሁሉ ጨዋታቸው እያለ፣ ልጃቸውን በዝምታ አሳደጉት።

ሦስት ዓመት ሲሞላው ከጎረቤት ልጆች ጋር አኩኩሉ ያጫውቱት ጀመር። ዓይናቸውን ሸፍነው «አኩኩሉ!» ሲሉ ልጆቹ ሁሉ ከየተደበቁበት «አልነጋም!» ብለው መለሱ፤ ሕሩይ ብቻ ዝም አለ። ከኋላው ቀርበው ስሙን ጠሩት፤ ዞር አላለም። ጮክ ብለው ደገሙ። እሱ መሬቱን መጫር ቀጠለ። ባለቤታቸው ሲገቡ «ልጃችን እኮ አይሰማም! ስንመሰገንበት የኖርነው ሕመሙ ነው» ብለው አለቀሱ። ጎንደር ያየው ሐኪምም ጆሮውን ለማዳን ጊዜው እንዳለፈ ነገራቸው። ይህ ጸጸት እስከ ዕለተ ሞታቸው አልወጣላቸውም።

ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ በጨዋታ የራሳቸውን ቋንቋ አበጁ። ምስር ሲለቅሙ ጠጠሩን እሱ ያወጣል፤ ልብስ ሲያጥቡ አረፋውን ይነፉለታል፤ አንዳንዴም ጭላዳ ዝንጀሮ ሆነው በግቢው አብረው ይዘላሉ። ለእያንዳንዱ ነገር የእጅ ምልክት ነበራቸው። መንደሩ «የቄሱ ሚስት አበደች» ማለቱ አልቀረም። ሕሩይ ግን ነቃ፣ ሳቀ፤ ኋላም ጎንደር መስማት ለተሳናቸው በተከፈተ ክፍል ገብቶ መጻፍ ተማረ። ዛሬ ደባርቅ ውስጥ በእንጨት ሥራ ይተዳደራል።

በ1985 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ ደባርቅ ሲዛወር በአንድ መዋዕለ ሕፃናት በሞግዚትነት ተቀጥረው በጡረታ እስኪወጡ አገለገሉ። «ልጄ ዝምተኛ፣ ጨዋ ነው» የምትል እናት ስትመጣ ፊታቸው ይለወጣል። «ጨዋ ነው አትበይኝ እናቴ፤ አጫውቺውና እንይ» ይሏታል። መጫወቻ መግዣ የለኝም ካለችም «ምን ሊያደርግልሽ? ቆርኪና የድስት ክዳን አይበቃውም? አንቺ ብቻ ቁጭ በይለት» ነበር መልሳቸው። በዚህ ምክንያት የጆሮ ሕመማቸው በጊዜ ታውቆ የዳኑ ልጆች አሉ፤ ዛሬ አድገው ከዚህ ከመካከላችን ቆመዋል።

በ2016 ዓ.ም. ጉሮሯቸውን ታመው ውለው አድረው ድምፃቸው ጠፋ። በሕክምናም በጸበልም አልተመለሰም። እኛ ቤተሰቦቻቸው አልጋቸውን ከብበን የሚሉትን ለማወቅ ስንቸገር እጃቸውን አይቶ የሚረዳቸው ሕሩይ ብቻ ነበር። በዚያ ቤት የማንሰማው እኛ ሆንን። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ምልክታቸውን ለመማር አለመቀመጣችን ያን ጊዜ አንገበገበን።

ወይዘሮ ሠርካለም በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸው ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ቀድመዋቸዋል። ሕሩይን፣ ሴት ልጃቸውን አመተ ማርያምን እና የልጅ ልጆችን ትተውልናል።

በመጨረሻው ቀን በእጃቸው የነገሩትን ሕሩይ ጽፎ አሳየን፤ «ልቅሶዬ ላይ ልጆቹን ዝም አታሰኙብኝ» ነው ያሉት። ስለዚህ በድንኳኑ ዙሪያ የሚሯሯጡትን ሕፃናት ማንም እንዳይቆጣብን እንለምናለን።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከደጋግ እናቶች ጋር ያኑርልን። ከሁላችን ይልቅ በቤቱ የሚያነጋግረውን ሰው ላጣው ለሕሩይ መጽናናትን ይስጥልን። አሜን።