ወንድምሽ ከነስፌት መኪናው መድረክ ወጣ

ለምትናፍቂኝ የበኩር ልጄ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ መሥራትሽ ያሳስበኛል። እኛ ደህና ነን። ወንድምሽን ከቀበርን ወዲህ "ደህና ነኝ" ስል ውሸት ያልሆነብኝ ዛሬ ገና ነው። ምክንያቱን ቀስ ብዬ ልጻፍልሽ፤ እጄ ቀርፋፋ መሆኑን ታውቂዋለሽ።

ወንድምሽ ልብስ እየሰፋ የሚያወርደውን ግጥም ራዲዮ ጠጋኟ እህትሽ በስልኳ ቀድታው ኖሯል። ያን ድምፅ በኮምፒውተር ሙዚቃ አደርገዋለሁ ብላ ተነሣች። ዘፈን እንዳይመስልሽ። ጊታር የለ፣ ዘፋኝ የለ፤ ቃሉን ትጎትተዋለች፣ ትቆራርጠዋለች፣ ከሥሩ ጣቢያ እንደሳተ ራዲዮ የሚንጫጫ ነገር ትጨምርበታለች። የሞተ ልጄን ድምፅ የባዳ መጫወቻ አታደርጊውም ብዬ ተቆጣሁ። እሷም፣ "እማዬ፣ አንዴ ስሚው፤ ከዚያ አጥፊው ካልሽኝ አጠፋዋለሁ" አለችኝ።

ሰማሁት። ልጄ ይንተባተባል! ምላሱ መቼ ታስሮ ያውቃል ብላት፣ ለካ ጥሩ የሠራች መስሏት የስፌት መኪናውን ጩኸት ጠራርጋ አውጥታዋለች። እሱ ስንኝ የሚለካው በስፌት አልነበር? ለእጅጌ አጭር፣ ለመጋረጃ ረጅም። ጨርቁን ሲያዞር ቃሉን እመሃል ላይ ይተወዋል፣ መርገጫውን ሲረግጥ ይቀጥላል። "መኪናውን መልሺለት፤ ያለሱ ልጄ አይደለም" አልኳት። መለሰችው። ያ ትክትክታ ከበሮ ሆነላት!

ቅዳሜ በወጣቶች አዳራሽ አሰማችው። የወንድምሽ አለቃ የነበሩት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ከጎኔ ተቀምጠው፣ "ወፍጮ ቤት ነው እንዴ ያመጣሽኝ?" ሲሉኝ ሳቄ አመለጠኝ። ድምፁ ሲመጣ ግን ጆሯቸውን አቁመው ቆዩና፣ "ይሄስ የመጋረጃ ነው" አሉ። ወጣቶቹ ተነሥተው ጨፈሩ። አንዷ ላብ በላብ ሆና መጥታ የማን ድምፅ ነው ስትለኝ፣ "የልጄ ነው፤ ሌላም አለው" አልኳት። እንባ ሳይቀድመኝ ነው የመለስኩላት። እህትሽንም አጥፊው አላልኳትም።

አንቺ ድምፁን አትላኩብኝ ስላልሽ አልላክንም። ልብሽ ሲፈቅድ ግን ጠይቂያት፤ ስትሰሚውም ብቻሽን አትሁኚ።

ሽማግሌው ሰላም ብለውሻል፣ እህትሽም ጉንጭሽን ስማለች። ለባለቤትሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ። ቁመቷ እንደ ቀጭኔ የተመዘዘውን ልጅሽን ግንባሯን፣ ጥርስ የሚያበቅለውን ሁለት ጉንጩን ሳሚልኝ። አጎታቸውን በአካል አያውቁትምና በድምፁ ይጨፍሩበት።

እናትሽ
ከቤታችን በረንዳ፣ ሰኔ ፬ ቀን